የነጸብራቅ ባንድ ሁለተኛው ሳክስፎን ነፊ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ብሎ የተረተው ሰው፣ በዕድሜው አንድም የባንድ አፍቃሪ አላጋጠመውም ማለት ነው። የማያውቁት አገር ይናፍቃል። የማያውቁት ሰው ደግሞ ከመናፈቅም አልፎ ጎረቤትን ከጎረቤት ያኳርፋል። ዕድሜዬ አምሳን ተሻግሮ ወደ ኋላ ዞር ብዬ ስመረምረው፣ በሕይወቴ እጅግ የጋለውን ክርክር ያደረግሁት ስለ ሃይማኖት ወይም ስለ ርስት ሳይሆን፣ በዓይኔ አይቼው ስለማላውቅ አንድ ሳክስፎን ነፊ ሆኖ አገኘሁት። ያየ ሰው «እንዲህ ይመስለኛል» ይላል። ያላየ ሰው ግን አይመስለውም፤ ያውቃል።

ነገሩ የሆነው መቱ ነው። ደርግ በመንበሩ፣ እኔም በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ በታሪክ አስተማሪነቴ ላይ የነበርንበት ዘመን ነው። መቱን ለማታውቁ አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ ይዘንባል። በሌላው አገር ዝናብ ይመጣል፣ ይሄዳል። መቱ ላይ ዝናቡ ነዋሪ ነው፤ እንግዳዋ ፀሐይ ናት። ይህን የምላችሁ ለጨዋታ ማሳመሪያ እንዳይመስላችሁ፤ የጣጣው ሁሉ መነሻ እሱ ነው።

ነጸብራቅ ባንድ የአዲስ አበባ ባንድ ነበር። ሦስት አልበሞች አውጥቶ ነበር፤ ወደ እኛ አገር ግን ዝር ብሎ አያውቅም። የምናውቀው በአወል ሱቅ በኩል ብቻ ነው። የአወል አባት ከጅማ በኩል መጥተው ከገበያው ዳር ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ልጅየው ከጨውና ከሳሙናው ጎን ካሴት መቅዳት ጨመረበት። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ዋናውን ካሴት ከአዲስ አበባ ያመጣለታል፤ አወል ደግሞ ለመቱ፣ ለጎሬ፣ ለሁሩሙ፣ ለያዮ፣ መኪና ብርቅ ለሆነባት ለዳሪሙ ሳይቀር እየቀዳ ያዳርሳል። ሾፌሩ ካሴቱን ያለ ሽፋኑ ይዞ መምጣት ልማዱ ነበር። ስለዚህ አወል በሚቀዳው ሁሉ ላይ፣ ወደ ጎን በተጋደመ ጽሕፈቱ፣ «ነጸብራቅ 1»፣ «ነጸብራቅ 2»፣ «ነጸብራቅ 3» ብሎ ይጽፍና ያበቃል። ማን ድራም እንደመታ፣ ማን ቤዝ ጊታር እንደያዘ፣ ማን ሳክስፎን እንደነፋ የሚናገር አንዲት ፊደል የለችም። ይህ ደግሞ ለእኛ በረከት ነበር። ሽፋን ቢኖር ኖሮ ምን ብለን እንከራከር ነበር?

ሸንጎአችን የጋሼ ከርጋ የልብስ ስፌት ቤት ነበር። ጋሼ ከርጋ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው መቱ የቀሩ፣ ሜትራቸውን እንደ ቄስ ሞጣሕት ከአንገታቸው የማያወርዱ፣ አጭር ቆፍጣና ሰው ነበሩ። እየተከራከሩ ይሰፋሉ፤ እየሰፉ ይከራከራሉ። በዚያን ዘመን መቱ ውስጥ የተሰፋ ሱሪ፣ ስፌቱ ከጉልበት በታች ተጣሞ ካገኛችሁት፣ ያን ዕለት የድራም መቺው ጉዳይ ተነሥቶ ነበር ማለት ነው።

እስቲ ፍረዱን። ማን እንደተሻረና ማን እንደተሾመ መጠየቅ ለጤና የማይበጅበት ዘመን ነበር። ሰኞ ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ የነበረ ሰው ሐሙስ አይኖርም፤ እኛም ፎቶግራፉ የነበረ መሆኑን፣ ምስማሩንም ጭምር፣ አላየንም። በነጸብራቅ ባንድ ላይ ግን ጉሮሯችን እስኪደርቅ እንጠይቅ ነበር። ቤዝ መቺው ለምን ተነሣ? ማን አነሣው? በምን ጥፋት? ጋሼ ከርጋ በመጀመሪያው አልበም ሁለት ጊዜ ብቻ ብቅ ብሎ የጠፋውን ኦርጋን ተጫዋች ባነሡ ቁጥር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይሉና በእውነት ያዝኑለት ነበር። መንገደኛ ሰምቶ ስለ አንድ ሚኒስትር የምናወራ መስሎት እርምጃውን ሲያፋጥን አይተናል።

እኔ ደግሞ የታሪክ ሰው ነኝና መዝገብ ያዝሁ። ነገሥታት በዘመናቸው እንደሚጻፉ፣ የእያንዳንዱን ተጫዋች አመጣጥና አወዳደቅ በጆሮዬ ብቻ እየመረመርሁ በደብተር አሰፈርሁ። የምርምሬ ዘውድ በሦስተኛው አልበም፣ በሁለተኛው ገጽ፣ መጨረሻ ላይ የምትገኝ አንዲት ዜማ ናት። ዘፋኝ የላትም። ሳክስፎን ብቻውን ይዟት ይሄዳል፤ እንዴት ያለ አካሄድ! ከቀብር የሚመለስ ሰው በጭቃ መንገድ እንደሚራመደው፣ አንዱን እግር ነቅሎ ሌላውን እስኪተክል ይቆያል። «ስንብት» ብለን ስም አወጣንላት። መቱ ውስጥ እሷን ሰምቶ ያልተከዘ ሰው ካለ ወይ ሕፃን ነው፣ ወይ የቀበሌ ባለሥልጣን።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞች የነበረው ሳክስፎን ነፊ ግን ፈጣን፣ ቀላል፣ ጥድፊያ የሚወድ ሰው ነው። ከዚህ ተነሥቼ፣ በብዙ ማስረጃ፣ ባንዱ ሁለተኛ ሳክስፎን ነፊ እንደቀጠረ አረጋገጥሁ። ከተማው ሁሉ ተቀበለኝ። ልዩነት የነበረው በዝርዝሩ ላይ ነው። እኔ ሁለተኛው ሳክስፎን ነፊ ሚስቱ የሞተችበት ነው እል ነበር፤ ጋሼ ከርጋ ደግሞ እናቱ ናት የሞተችው፣ የሚስት ሐዘን እንዲህ ትንፋሽ አያሳጥርም ባይ ነበሩ። እሳቸው ሚስት ነበራቸው፤ እኔ አልነበረኝም። ስለዚህ ክርክሩ እኩል አልነበረም።

ሁለተኛ ሳክስፎን ነፊ የለም የሚለን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ነገራ። ነገራ የሁሩሙ አስተማሪ ነው፤ በገበያ ቀን መቱ ሲመጣ ከጋሼ ከርጋ ቤት ሳይደርስ አይመለስም።

«ማሎ፣ እባካችሁ፣ አንድ ሰው ነው» ይላል፣ ገና ሳይቀመጥ። «ስንብት የምትሏት የቷ ናት? በሦስት ላይ የመጨረሻዋ የሰርግ ዜማ ናት። እኛ አገር ሙሽራ የሚወጣባት።»

«የሁሩሙ ሰው ማር እያንጠባጠበ ጆሮው ተደፈነ» ይላሉ ጋሼ ከርጋ።

«የመቱ ሰው ጆሮ ውስጥ ደግሞ ውኃ ገብቷል። ዱጋ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጋሼ።»

እንዲህ እየተባባልን ሁለት ዓመት ኖርን። ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው መካከል አንዱ እንኳ፣ ሁለቱን ካሴቶች ጎን ለጎን አስቀምጠን እንስማ ብሎ አላሰበም። የራሱ ካሴት ያለው ሰው የሌላውን ሰው ካሴት ምን ብሎ ይሰማል? እንዲያውም አንድ ጊዜ ለሰርግ ሁሩሙ ሄጄ፣ ሙሽራው ሲወጣ በተጫወተችው ዜማ ትከሻዬ እስኪገነጠል ጨፍሬ፣ «ይህቺ ደግሞ የማን ናት? ጥሩ ናት» ብዬ ጠይቄአለሁ። መልሱን ሳልሰማ ሌላ ዘፈን መጣ።

ይህ ሁሉ ጨዋታ በሆነና በቀረ። ነገር ግን ጨዋታችን የሰው ልጅ ዕጣ ውስጥ ገባ።

ደሳለኝ የሚባል፣ ቁመቱ የረዘመ፣ አንደበቱ ያጠረ ወጣት ነበር። የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ሳክስፎን ነፊ ነው። መሣሪያው አሮጌ ከመሆኑ የተነሣ አንደኛው ቁልፍ በጎማ ታስሮ ነበር የሚሠራው። ይህን ልጅ በሁለተኛው ሳክስፎን ነፊ መንገድ እንዲሄድ የመከርሁት እኔ ነኝ። «የመጀመሪያውን ተወው፤ እሱ ይቸኩላል። ሁለተኛውን ያዝ» አልሁት። ያዘው። ስምንት ወር ሙሉ «ስንብት»ን ሲያጠና ከረመ፤ በላይዋም የራሱን ሐዘን ጨመረባት፤ ከእኛ ካሴት ይበልጥ አዘገያት።

በዚህ መካከል ሁለት ወሬ በአንድ ሳምንት ደረሰ። አንደኛው የብሔራዊ ውትድርናው አዲስ ዙር ነው። እስከዚያ የቀበሌ ኪነት አባል ይታለፍ ነበር፤ ከእንግዲህ አይታለፍም ተባለ። ሁለተኛው ወሬ፣ ለአንድ ትልቅ የኪነት ቡድን ሙዚቀኞች ለመመልመል ከአዲስ አበባ መራጭ ይመጣል የሚል ነው። ከተመረጠ ደሳለኝ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። ካልተመረጠ ወደ ማሠልጠኛ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን። እናቱ እትዬ አስካለ ቤቴ ድረስ መጡና ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «መምህር፣ ያቺን የምታስለቅሰውን ያስነፉልኝ። እሷን ሰምቶ ልጄን የሚጥል ሰው አይኖርም» አሉኝ። ግቡ ብላቸው እንቢ አሉ። እኔም እሺ አልሁ።

መራጩ ማን መሆኑን ስንሰማ ግን የስፌት ቤቱ ጣሪያ ሊነሣ ደረሰ። አቶ በላቸው፣ የነጸብራቅ ባንድ ሳክስፎን ነፊ! ጥያቄው ወዲያው ተነሣ፦ የትኛው ነው? የመጀመሪያው ወይስ ሁለተኛው? አንድ ሙሉ ቀን በዚህ ተከራከርን። ይህ ሰው ደሳለኝን ያሳልፈው ይሆን ብሎ የጠየቀ ግን፣ በማፈር እነግራችኋለሁ፣ አልነበረም።

የፈተናው ዕለት ጠዋት ነገራ ከሁሩሙ ካሴቱን በኮቱ ኪስ ይዞ ደረሰ። ባለቤቱ ከመጣ ዘንድ ነገሩ በባለቤቱ ይፈረድ ብሎ ነው። እስኪደርስልን በጋሼ ከርጋ ቴፕ እንስማው አልንና ከተትነው። ጨዋታው ዘለለ። እየዘለለ ሄደ፤ ከበሮው ያጨበጭባል፣ ሳክስፎኑ ይስቃል፤ እኔ ሁሩሙ ላይ ትከሻዬን የሰጠኋት ዜማ! ቀጥለን የእኛን ከተትን። ከቀብር የሚመለሰው ሰውዬ መጣ። ድጋሚ የነገራን። ድጋሚ የእኛን። ያችው ዜማ ናት፤ አንዷ ትሮጣለች፣ ሌላዋ ታነክሳለች። የጋሼ ከርጋ የስፌት መኪና፣ ከተከፈተ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ፣ ቆመ።

ተያይዘን አወል ዘንድ ሄድን። አወል አልደነገጠም፤ የተደበቀ ነገር የለውምና። «መብራት በቀን የለም፤ ስለዚህ የምቀዳው በባትሪ ድንጋይ ነው» አለ። «ለሚቀዳው ቴፕ አዲስ ድንጋይ አደርግለታለሁ፤ ሥራው የሱ ነው። ለሚያጫውተው አሮጌውን። እሱ ምን ይደክማል?»

«አሮጌው ካሴቱ ሳያልቅ ደክሞ ሲጎተትስ?» አለ ነገራ።

«ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አሞቀዋለሁ። በጥርስም ነከስ አደርገዋለሁ። ወላሂ፣ ነፍስ ይዘራል።»

«የእኔን መቼ ነው የቀዳኸው?»

«በጥር።»

«የእኛንስ?» አልሁ፤ መልሱን እያወቅሁት።

«በሐምሌ» አለ አወል፤ ከዚያም ፊታችንን አይቶ፣ «እንግዲህ መምህር፣ በሐምሌ ፀሐይ ከየት ላምጣላችሁ?»

ሚስቱ የሞተችበት፣ እናቱም የሞተችበት፣ ከተማ ሙሉ ያለቀስንለት ሁለተኛው ሳክስፎን ነፊ፣ ፀሐይ ያጣ አራት ባትሪ ድንጋይ ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ጋሼ ከርጋ ወደ ቤታቸው ስንመለስ አጭር ፍርድ ሰጡ፦ «ይህ የሚያረጋግጠው የሁሩሙ ካሴት ያለ ቅጥ መፍጠኑን ብቻ ነው።» ነገራ ሊስቅ አፉን ከፈተና የእኔን ፊት ሲያይ ዘጋው። ደሳለኝ ከአራት ሰዓት በኋላ የሰውየውን የሰርግ ዜማ በራሱ በሰውየው ፊት እንደ ሙሾ ሊነፋው ነው። መንገር ነበረብኝ። ብነግረው ግን የስምንት ወር ጥናት በአራት ሰዓት አይፈጥንም፤ የያዛትንም ያጣታል። ቢያንስ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነው። እውነቱን ከፈለጋችሁ፣ ያንን ደብተር የጻፍሁ ሰው እኔ መሆኔን ለመናገር አፈርሁ። «ዝም አይነቅዝም» አልሁና ዝም አልሁ። አይነቅዝም ይሆናል፤ ሆድን ግን ይበላል።

ፈተናው በቀበሌው አዳራሽ ነበር። አቶ በላቸው ወፈር ያለ፣ መነጽሩን በክራቫቱ የሚወለውል፣ ከመንገዱ ብዛት የደከመው ሰው ሆኖ አገኘነው። ከጎሬ የመጣው ሰልፍ ማድመቂያ ነፋ። ከበደሌ የመጣውም ሰልፍ ማድመቂያ ነፋ። ሰውየው ሁለቱንም ሳያይ ጻፈ። ደሳለኝ ወጣ። እናቱ ከኋላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ልጁ ጎማውን በአውራ ጣቱ ሞከረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ነፋ።

ሁለተኛው ሐረግ ላይ አቶ በላቸው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሦስተኛው ላይ መነጽሩን አወለቀ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረገ አላውቅም፤ እኔ መሬት መሬት ነበር የማየው። ዜማው አለቀ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

«ይህ ዜማ የማን ነው?» አለ አቶ በላቸው።

ደሳለኝ አፉን ከፈተ። «የእርስዎ ነው» ሊል እንደሆነ ገባኝ። ልጁን የቀደመው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ጓድ፣ የሰፊው ሕዝብ ነው። የኢሉባቦር ጭቁን ሕዝብ በባላባቱ ዘመን ብሶቱን ሲገልጽበት የነበረ ጥንታዊ ዜማ ነው» አለ። ሰውየው ስለ ሙዚቃ አንዳች አያውቅም፤ ባለቤቱ ያልታወቀ ነገር ሁሉ የሰፊው ሕዝብ ነው ብሎ ግን በጽኑ ያምናል።

አቶ በላቸው ደሳለኝን አየው። «እውነት ነው?»

ደሳለኝ ወደ እኔ ዞረ፤ የታሪክ አስተማሪው እኔ ነኛ። ተማሪዎቼን ምንጭ ሳይጠቅስ የሚጽፍ ሌባ ነው እያልሁ የማስተምር ሰው፣ ጣሪያውን አሻቅቤ እያየሁ ራሴን ወደ ታች ነቀነቅሁ። ልጁም «አዎ» አለ።

ሰውየው መነጽሩን መልሶ አደረገ፤ አንዲት ቃል ጻፈ። ደሳለኝ ተመረጠ። እትዬ አስካለ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ሲስሙኝ፣ አንድ ሰው ባልዋለው ውለታ ሲመረቅ የሚሰማውን ስሜት በሚገባ አወቅሁት።

መቱ ግን ስለ ደሳለኝ አንድ ቀን ከተደሰተች በኋላ ወደ ዋናው ጉዳይዋ ተመለሰች። ጋሼ ከርጋ መርፌ በጥርሳቸው ይዘው ይጠብቁኝ ነበር።

«ዜማውን አላወቀውም፤ አይደል?» አሉ።

«አላወቀውም፣ ጋሼ።»

«ስለዚህ ይህኛው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው ሌላ ነው አላልኳችሁም?»

መከራከር ፈልጌ ነበር። ነገር ግን ክርክሩ፣ መነሻው ከመጥፋቱ በስተቀር፣ እንከን አልነበረውም።

በዓመቱ «ነጸብራቅ 4» መጣ። ይህኛው ሽፋን አለው፤ በሽፋኑ ላይ ሳክስፎን፣ በላቸው ይላል። የመጨረሻዋ ዜማ ሳክስፎን ብቻ ናት፤ ቀስ ያለች፣ የምትከብድ። ከሥሯ «የኢሉባቦር ሕዝብ ዜማ» ተብሎ ተጽፏል። ስፌት ቤቱ ታመሰ። ጋሼ ከርጋ የሁለተኛው ነፊ «ስንብት» ተዘረፈችብን ብለው የአቤቱታ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ ካሴቱንም ከቤታቸው አናስገባም አሉ። ነገራ ብቻ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ገበያ ሳይገበይ ወደ ሁሩሙ ተመለሰ።

ለበዓል ደሳለኝ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ቤቴ ጎራ አለ። ወፈር ብሏል፤ አንደበቱ ያው ነው። ሻይ አቀረብሁለትና በሆዴ የነቀዘውን ነገር ነገርሁት። አልተገረመም።

«አቶ በላቸው ዐውቆት ነበር፣ መምህር» አለኝ። «ገና በመጀመሪያው ሐረግ። ስንሄድ በደሌ ላይ ለምሳ ስንቆም ሳክስፎኑን አቀበለኝና፣ 'በል አሁን ደግሞ በፍጥነቷ ንፋት' አለኝ። ለእህቱ ሰርግ የሠራት ዜማ ናት። 'እናንተ አገር ምን አግኝቷት ነው እንዲህ ያዘነችው?' ብሎ ጠየቀኝ።»

«ምን አልኸው?»

«ምን እላለሁ? ይዘንባል አልሁት።»

«ታዲያ ሽፋኑ ላይ ለምን እንደዚያ አጻፈ?»

ደሳለኝ ሻዩን አስቀመጠ። «እኔም ጠይቄዋለሁ። 'ዜማዋ የእኔ ናት፤ ቀስታዋ ግን የእኔ አይደለችም። የማን እንደሆነች ካላወቅሁ ደግሞ ሊቀመንበርህን ልመን እንጂ' አለኝ።»

ይህን ይዤ፣ ኮት ሳልደርብ፣ ወደ ጋሼ ከርጋ በረርሁ። አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው፤ ሰርጉን፣ እህትየዋን፣ በደሌን። የአቤቱታው ወረቀት ከጎናቸው ነበር፤ አርባ ያህል ፊርማ ደርሷል፤ የመጀመሪያው የእትዬ አስካለ ነው። ጋሼ ከርጋ እግራቸውን ከመርገጫው አንሥተው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያም በርኅራኄ አዩኝ።

«ደሳለኝ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ክፉ አይናገርም» አሉ። «ግን መምህር፣ እሱ ነፊ ነው እንጂ አድማጭ አይደለም።»

መኪናቸውን አስነሡ፤ እየሰፉም ወረቀቱን በክርናቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ፈረምሁ።